ከጧሪ ልጅ እስከ ጡረታ ደብተር፤ በጣና ዙሪያ የእርጅና ዋስትና ታሪክ

«ጡረታ» የሚለው ቃል ዛሬ በደመወዝ ክፍልና በባንክ መስኮት የሚሰማ ይሁን እንጂ መነሻው ከዚያ አይደለም። «ጦረ» ማለት ያረጀን ወላጅ መገበ፣ አለበሰ፣ ደገፈ ማለት ነው። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው የአበው ምርቃትም ሁለት ግዴታዎችን በአንድ ልጅ ትከሻ ላይ ያሳርፋል፤ ይኸውም ወላጅን በሕይወት ሳለ መመገብንና ሲሞት በክብር መቅበርን ነው። በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ከባለ ርስቱ ዘመን እስከ ዛሬ የታየው ለውጥ፣ እነዚህ ሁለት ግዴታዎች እየተነጣጠሉ አንደኛው በከፊል ወደ መንግሥት፣ ሁለተኛው ወደ ዕድር የተዛወሩበት ታሪክ ነው። ዝውውሩ ግን ሁሉንም ሰው አላዳረሰም።

በጎጃምና በበጌምድር ርስት በአባትም በእናትም ሐረግ የሚጠየቅ መብት ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ያካሄደውንና እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ያሳተመውን ጥናት ያነበበ ሁሉ ይህ መብት ምን ያህል ክርክር ያስነሣ እንደነበር ይረዳል። አስተዋይ አባት መሬቱን ሁሉ በቁሙ አያከፋፍልም። ለሚያገባው ልጅ ጥቂት እርሻ ቆርሶ ይሰጥና የቀረውን በእጁ ይይዛል። ያ ያልተከፈለ መሬት የእርጅናው ዋስ ነበር፤ ልጆች የሚታዘዙት በፍቅር ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ያለፈውን ዘመን ከመጠን በላይ ማሳመር ይሆናል። ልጅ የሌለው ወይም በወራሾቹ ያልተማመነ ሰው ደግሞ ገና በሕይወት ሳለ «የቁም ተዝካር» ያወጣ ነበር። ሌላውም ቆብ ጭኖ የቀረውን ዕድሜውን በቤተ ክርስቲያን ጥግ ያሳልፋል። ኑዛዜ በንስሐ አባትና በሽማግሌዎች ፊት ይነገር ነበር። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭና ኑዛዜ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ከነምስክሮቹ ስም ይጻፍ እንደነበር እስከ ዛሬ የተረፉት ጽሑፎች ያረጋግጣሉ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ልማድ በሦስት ዓይነት ኑዛዜ መልክ አስያዘው። እነርሱም በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ ጽሑፍ የሚሆንና በቃል የሚደረግ ናቸው። በቃል የሚደረገው የጥንቱን ልማድ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሞት መቃረቡን የተረዳ ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ሆኖ፣ ስለ ቀብሩ ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆቹ ሞግዚትነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ስላልበለጠ ስጦታ ብቻ ነው። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር ከቆየ ኑዛዜው ይፈርሳል። በመሆኑም ቤቱንና ከብቱን በአንደበቱ ብቻ አውርሶ የሞተ ሽማግሌ በሕጉ ፊት ከቀብሩ ሥርዓት ያለፈ እምብዛም ነገር አልተናዘዘም ማለት ነው። በራስ እጅ የሚጻፈው ኑዛዜ ደግሞ ለተማረ ሰው የተሠራ ነው፤ እርሱም ቢሆን በሰባት ዓመት ውስጥ ለውል አዋዋይ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በአደራ ካልተሰጠ ዋጋ ያጣል። ፊደል ላልቆጠረው የሐይቁ ዳር ገበሬ የቀረለት በግልጽ የሚደረገው ነው። ይኸኛው አራት ምስክሮችን ይጠይቃል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ጽሑፉም በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት መነበብ አለበት። መነበቡም፣ ቀኑም በዚያው ወረቀት ላይ ካልተገለጸ ኑዛዜው ፈራሽ ነው። ብዙ ቤተሰብ በፍርድ ቤት የተለያየው በዚህች በተዘለለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ምክንያት ነው።

ሕጉ በወጣበት ዘመን ባሕር ዳር ራሷ መልኳን ትለውጥ ነበር። በጣሊያን የጦር ካሣ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 ሥራ ጀመረ፤ በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተመሠረተው ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩትና በ1964 የጥስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ ተከተሉት። ርስቱን ለወንድሙ ትቶ ወደ መንዘሪያው የመጣው ወጣት በእርጅናው የሚይዘው መሬት አይኖረውም። በ1950ዎቹ አጋማሽ የወጣው የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 የመንግሥት ሠራተኛውንና ወታደሩን የሚመለከት ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የጡረታ ሽፋን ያገኘው እጅግ ዘግይቶ በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው። በዚያ ሕግ ቀመር አሥር ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ከመጨረሻው ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከልለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 25 ዓመት ያገለገለ ሰው እንግዲህ 48.75 በመቶ ይደርሰዋል። ሲሞትም የትዳር ጓደኛው የዚህን ግማሽ ትወስዳለች። የቀብሩን ነገር ግን ከፋብሪካው ይልቅ የሰፈር ዕድር ነው የተሸከመው።

የገጠሩ መንገድ ሌላ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን መሸጥና መለወጥ ብቻ ሳይሆን ማውረስንም ከለከለ። ባለይዞታው ሲሞት መሬቱን የመጠቀም መብት ለትዳር ጓደኛውና ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆቹ፣ እነርሱ ከሌሉ ለአካለ መጠን ለደረሰ ልጅ ያልፋል ይላል። ፍትሕ አልጎደለውም፤ ይሁንና «ለጦረኝ እሰጣለሁ» የሚለው የአባት ቃል ኃይሉን ያጣው በዚያን ዕለት ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች አዋጅም ቤት እያከራየ ለመጦር ያሰበውን የከተማ ሰው በአንድ መኖሪያ ቤት ወሰነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ደግሞ «ቢሮክራሲ» ተብለው የተፈረጁ ገበሬዎች፣ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ፣ ከአራት ጥማድ ያልበለጠ መሬት ቀረላቸው።

ኑዛዜ ወደ እርሻው የተመለሰው በክልሉ አዋጅ ቁጥር 133/1998 ነው። አዋጁ ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን በግብርና ለሚተዳደር ወይም መተዳደር ለሚፈልግ ሰው በኑዛዜ እንዲያስተላልፍ ፈቀደ። ማረስ የተሳነው ሽማግሌ መሬቱን ማከራየትም ተፈቀደለት፤ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ያለበት የይዞታ ደብተርም በእጁ ገባ። ጧሪውን በመሬቱ የመያዝ የጥንት ሥልጣኑ በከፊል ተመለሰለት ማለት ነው።

ይህ በሆነበት ዘመን ግን ባሕር ዳር ወደ ዙሪያዋ ገጠር እየሰፋች ነበር። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት መሬቱ በቋሚነት ለሕዝብ ጥቅም የሚወሰድበት ገበሬ፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ በጥሬ ገንዘብ ይከፈለዋል። ቀያሹ ካስማ ተክሎ ሲሄድ የ70 ዓመቱ አዛውንትና የ30 ዓመቱ ልጁ በአንድ ስሌት ይስተናገዳሉ። ልጁ በገንዘቡ ባጃጅ ይገዛ ይሆናል። አባቱ ግን መሬት በነበረው ጊዜ የሚያርስለትና የሚጦረው ሰው ነበረው፤ ገንዘብ ሲሆን ግን በአንድ ቀን የሚከፋፈል፣ ለመከልከልም ለአባት ፊት የሚከብድ ሀብት ሆነበት። የተናዘዘውም ካለ፣ ኑዛዜው የሚናገርለት መሬት የለም። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ብዜቱ ወደ 15 ከፍ ብሏል፤ የባለይዞታው ዕድሜ በቀመሩ ውስጥ ቦታ አላገኘም።