ስልኩስ ገባ... ሲበላሽ ማን አገኘው?

ስለ አገራችን ስልክ ታሪክ ሲወራ ሁላችንም የምናውቃት አንዲት ወግ አለች። ምኒልክ ስልክ አስገቡ፤ ካህናቱ «የሰይጣን ሥራ ነው» አሉ፤ ንጉሡ ግን ወይ ፍንክች! ወጓ ታስቃለች፤ እኛም ጋዜጠኝነት ስንማር ደጋግመን ሰምተናታል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ የተቋሙን ስም እንቆጥራለን፤ በ1952 ከፖስታ ተለይቶ ቦርድ ሆነ፣ ቀጥሎ ባለሥልጣን፣ ቀጥሎ ኮርፖሬሽን፣ በ2010 ኢትዮ ቴሌኮም (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። መስመሩ ሲበላሽ ማን፣ እንዴት እንደሚያገኘው ግን ማንም አይነግረንም።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። በምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ ሁለቱም ጫፍ ዲዳ ይሆናል። እስቲ ደግሞ ሸካ ዞን ያለችውን ጌጫን አስቡ፤ ጫካው ጥቅጥቅ ያለ፣ ዝናቡ እንግድነት የማያውቅ። እንዲህ ባለ አገር በእንጨት ምሰሶ ላይ የተዘረጋ ሽቦ ጠላቱ ብዙ ነው። ዛፍ ይወድቅበታል፤ ምሰሶውን ምስጥ ይበላዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን እርጥብ ቅርንጫፍ ሲደገፈው ነው፤ ሽቦው ሳይበጠስ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት ይፈስሳል። ከታች ሆነው ሲያዩት ጤነኛ ነው!

ፈረንጆቹም በዚህ ክፉኛ ተቀጥተዋል። በ1858 አየርላንድን ከኒውፋውንድላንድ በባሕር ሥር ያገናኘው የቴሌግራፍ ገመድ ከመነሻው ደካማ ነበር፤ የንግሥት ቪክቶሪያ 98 ቃላት መልእክት ለመተላለፍ 16 ሰዓት ፈጀ። የመስመሩ ባለሙያ ዋይትሃውስ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወደ 2,000 ቮልት ለቀቀበት። በሽተኛን በዱላ መቀስቀስ ማለት ይሄ ነው። ገመዱ በሳምንታት ውስጥ ጸጥ አለ። ከዚህ ኪሳራ በኋላ ነው ብልሽትን በግምት ሳይሆን በልኬት የመፈለግ ነገር የጠነከረው። በ1861 የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር ለሬዚስታንስ፣ ማለትም ሽቦ ለኤሌክትሪክ ለሚያሳየው እምቢታ፣ የጋራ መለኪያ የሚያወጣ ኮሚቴ አቋቋመ። ትምህርት ቤት የሸመደድናት ኦም እንግዲህ የቴሌግራፍ ጠጋኞችም ልጅ ናት።

አሁን ወደ ጌጫ እንመለስ። ከዚያ ተነስቶ 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ ሁለት ሽቦ ያለው መስመር አለ እንበል። አንደኛው ሽቦ ጤነኛ ነው፤ ሌላው የሆነ ቦታ ላይ መሬት ነክቷል። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሠራተኛ ሁለቱን ሽቦዎች ያጋጥማቸዋል። ሄዶ የሚመለስ የ120 ኪሎ ሜትር ቀለበት ሆነ። ጌጫ የተቀመጠው ደግሞ ዊትስቶን ብሪጅ የሚባለውን ሣጥን ይዞ (የፈለሰፈው ክሪስቲ ነው፣ ስሙን የወሰደው ዊትስቶን... ዕድል!) መርፌዋ ዜሮ ላይ እስክትቆም ማዞሪያዎቹን ያስተካክላል። የሣጥኑ ሁለት ክንዶች 1 ለ3 ሆነው ከቆመች፣ ብልሽቱም ቀለበቱን 1 ለ3 ከፍሎታል። 120 ለ4 ሲካፈል 30። ሽቦው ውፍረቱ ወጥ ከሆነ ችግሩ ያለው 30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ሰውየው ከወንበሩ አልተነሳም! ማሬይ ሉፕ ይሉታል።

ሌላዋ መሣሪያ ሜገር ናት፤ ስሟ በእንግሊዝ አገር በንግድ ምልክትነት የተመዘገበው በ1903 ነው። የድሮዋን እጀታ ሲያዞሩላት ቮልቱን ራሷ ታመነጫለች፤ ባትሪ አትለምንም። ግን እሷም ታረጃለች። ሁለቱ ገመዶቿ ሲነካኩ ዜሮ፣ ሲለያዩ ደግሞ የመጨረሻውን የማይቆጠር ምልክት ካላሳየች፣ ጥፋቱ ጫካ ውስጥ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ነው። የዛገ ብሎን፣ ውስጡ የተቆረጠ ገመድ፣ እርጥበት የጠጣ መያዣ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳያዩ ሰው ወደ 30ኛው ኪሎ ሜትር መላክ ግፍ ነው ባይ ነን።

ምክንያቱም ሂሳቡ ሁልጊዜ ልክ አይመጣም። ሽቦው በየቦታው ተቀጣጥሎ ከሆነ፣ መጋጠሚያው ከዛገ፣ ቁጥሩ ወዲህ ወይም ወዲያ ይሸሻል። ወረቀት ላይ የአንድ ኪሎ ሜትር ስሕተት ምንም አይደለችም። ያቺን አንድ ኪሎ ሜትር ግን መሰላል ተሸክሞ፣ በዝናብ፣ ቀና ብሎ ሽቦ ሽቦውን እያየ የሚሄድባት የመስመር ሠራተኛው ነው።