ሁለት ሜትር በችሎት ፊት፦ የቶሮንቶ ፍርድ ቤቶች በወረርሽኝ ዘመን

በ2021 የኦርቶዶክስ ፋሲካ የዋለው በፈረንጆቹ ሜይ 2 ነበር። በዚያ ሰሞን ኦንታሪዮ ውስጥ ለአምልኮም ሆነ ለሠርግ ወይም ለቀብር በአንድ ላይ መሰብሰብ የሚቻለው 10 ሰው ብቻ ነበር። ለቅዳሴ ብቻ አምስት ልዑካን እንደሚያስፈልጉ የሚያውቅ የቶሮንቶ ምእመን፣ ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ብዙው ሰው ትንሣኤን ያከበረው ስልኩ ላይ እያየ ነው። በየቤቱ የሚነሣው ጥያቄም አንድ ነበር፦ መንግሥት እንዲህ ማድረግ ይችላል? ካልቻለስ ማን ያቆመዋል?

ጥያቄው ለዚህች ከተማ አዲስ አይደለም (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1847 ከረኃብ የሸሹ ከ38,000 በላይ አየርላንዳውያን ወደ ቶሮንቶ ሲጎርፉ የከተማዋ ሕዝብ ራሱ 20,000 ያህል ነበር። ተስቦ አብሯቸው ገባ። ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ፤ የካቶሊኩ ጳጳስ ማይክል ፓወርም ሕሙማንን ሲያጽናኑ በሽታው ይዟቸው አረፉ። በየመጠለያው የታጎረው ስደተኛ ግን የሚጠቅሰው የመብት ቻርተርም ሆነ የሚሄድበት ነፃ የሕግ አገልግሎት አልነበረውም። በ1918 እኛ የኅዳር በሽታ ያልነው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባንም ቶሮንቶንም መታ። በዓመቱ ፈንጣጣ ቶሮንቶ ሲገባ የከተማዋ የጤና ኃላፊ ዶክተር ቻርልስ ሄስቲንግስ ሕዝቡ ይከተብ አሉ። ክትባት ተቃዋሚዎች በማኅበር ተደራጅተው ተነሡባቸው፤ የከተማው ምክር ቤትም ከበላዩ ያለው የጤና ቦርድ ቢያዝዘውም የግዴታ ክትባት አላውጅም አለ። በ1920 ሁለቱ የመንግሥት አካላት ፍርድ ቤት ቆሙ።

የዛሬውን ሙግት ለመረዳት ግን ዋናው መነሻ ሳርስ ነው። በ2003 መጀመሪያ ከሆንግ ኮንግ በተመለሰች አንዲት መንገደኛ የገባው በሽታ በስካርቦሮው ግሬስ ሆስፒታል በኩል ተዛመተ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸው ውስጥ ተለይተው እንዲቆዩ ተደረገ፤ በካናዳ 44 ሰው ሞተ። ከሟቾቹ መካከል ሁለት ነርሶችና አንድ ሐኪም ነበሩ። የኦንታሪዮ መንግሥት ጉዳዩን እንዲያጣሩ የሾማቸው ዳኛ አርቺ ካምቤል የደረሱበት መደምደሚያ ግልጽ ነው፦ አደጋ ሲመጣ ሠራተኛን ለመጠበቅ የሳይንስ ሙሉ ማረጋገጫ አይጠበቅም፤ ቅድሚያ ጥንቃቄ ነው።

በሳርስ የተያዙ 53 ነርሶች፣ ከእነርሱም ሌላ ታማሚዎችና የሟች ቤተሰቦች መንግሥትን ከሰሱ። የኦንታሪዮ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2009 ክሶቹን ውድቅ አደረገ። ምክንያቱ በአጭሩ ይህ ነው፦ መንግሥት ወረርሽኝን ሲከላከል ግዴታው ለጠቅላላው ሕዝብ እንጂ ለእያንዳንዱ ሰው በተናጠል አይደለም። በ2006ም በዌስት ናይል ቫይረስ ክስ ተመሳሳይ ውሳኔ ሰጥቶ ነበር። ሐሳቡ ይገባኛል፤ የጤና ኃላፊ በየውሳኔው ካሣ እከፍል ይሆን እያለ ከፈራ እጁ ይታሰራል። ውጤቱ ግን ከባድ ነው። ሕዝቡን ልትጠብቅ ሄዳ የታመመችው ነርስ፣ የሕዝቡ አካል ሆና ሳለ፣ በሕግ ፊት የምትይዘው አጣች።

ስለዚህ ኮቪድ ሲመጣ የቶሮንቶ ጠበቆች ሌላ መንገድ ያዙ። የደረሰ ጉዳት ካሣ ከመጠየቅ ይልቅ ጉዳቱ ሳይደርስ ትእዛዝ ጠየቁ። ኦንታሪዮ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያወጀችው ማርች 17 ቀን 2020 ነው። በወሩ የኦንታሪዮ ነርሶች ማኅበር አንዳንድ የአረጋውያን መንከባከቢያዎችን ፍርድ ቤት አቀረበ፤ ከእነዚህ አንዱ ኢቶቢኮ የሚገኘው ኢተንቪል ነበር። ክርክሩ ስለ ኤን 95 ጭምብል ነበር፦ ነርሷ በሕሙሙ ክፍል በር ላይ ቆማ «ይህ ያስፈልገኛል» ስትል የመወሰን ሥልጣኑ የእርሷ ነው ወይስ የአስተዳደሩ? ዳኛ ኤድዋርድ ሞርጋን ኤፕሪል 23 ቀን ለነርሶቹ ፈረዱ፤ ጭምብሉ ይሰጣቸው፣ የታመሙትም ካልታመሙት ይለዩ አሉ። ከወር በኋላ ወደ መንከባከቢያዎቹ ገብቶ የረዳው የካናዳ ጦር ያወጣው ሪፖርት ኢተንቪልን ጨምሮ በአምስት ተቋማት ውስጥ ያየውን ጉድ ሲዘረዝር፣ ነርሶቹ በከንቱ እንዳልጮኹ አገር አወቀ። ከእኛም ወገን በእነዚህ ቤቶች ሌት ተቀን የሚሠሩ እናቶችና እኅቶች ስላሉ ያ ውሳኔ የሩቅ ወሬ አይደለም።

በዚያው ኤፕሪል ሳንክቹዋሪ የተባለው የመንፈሳዊ አገልግሎት ድርጅት፣ ከጥቁሮች የሕግ ማዕከልና ከሌሎች ጋር ሆኖ፣ የቶሮንቶ ከተማን በመጠለያዎቹ ጉዳይ ከሰሰ። ጥያቄው በሜትር የሚለካ ነበር፦ በአልጋና በአልጋ መካከል ሁለት ሜትር ይኑር፣ ተደራራቢ አልጋ ይቅር። ከተማዋ በሜይ ስምምነት ፈረመች፤ ጁን አጋማሽ ላይም «ፈጽሜያለሁ» አለች። ከሳሾቹ አልፈጸመችም ብለው ወደ ችሎት ተመለሱ። ዳኛ ሎርን ሶሲን ማስረጃውን መርምረው፣ ከተማዋ ባለችው ቀን ቃሏን እንዳልሞላች በኦክቶበር 2020 ወሰኑ፤ ሪፖርት ማቅረቧንም እንድትቀጥል አዘዙ። በእኔ እምነት በዚያ ዓመት ከተሰጡ ውሳኔዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ከተማዋ ፈጽሜያለሁ ያለችውን ፍርድ ቤቱ በቃሏ ብቻ ሳይቀበል በማስረጃ መርምሮታልና።

በዚያው ወር በፓርኮች ድንኳን ተክለው የሚኖሩ ሰዎች እንዳይነሡ የቀረበው የእግድ ጥያቄ ግን አልተሳካም። በ2021 የካናዳ በጋ ትሪኒቲ ቤልዉድስ፣ አሌግዛንድራ ፓርክና ላምፖርት ስታዲየም በፖሊስ ኃይል ተጸዱ።

ጋዜጦቹን ያጨናነቀው ደግሞ ሌላ ነበር። በኖቬምበር 2020 አንድ የኢቶቢኮ ምግብ ቤት ባለቤት ክልከላውን ጥሶ ደንበኛ አስተናገደ፤ ሕዝብ ተሰለፈ፤ ፍርድ ቤትም ሕጉን እንዲያከብር አዘዘው። አብያተ ክርስቲያናትም የቁጥር ገደቡን ተቃውመው ተከራከሩ። ትሪኒቲ ባይብል ቻፕል ያነሣውን ጉዳይ ይግባኝ ሰሚው በ2023 ዘጋው፦ የእምነት ነፃነት ተነክቷል፣ ግን ገደቡ በነበረው አደጋ ይጸድቃል። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ይግባኙን አልቀበልም አለ። የፋሲካው ጥያቄ መልሱን ያገኘው በዚህ ነው።

በኤፕሪል 2021 መንግሥት ፖሊስ ማንንም መንገደኛ አስቁሞ «ወዴት ትሄዳለህ?» እንዲል ፈቀደ። ጥቁር ሆኖ በቶሮንቶ ለሚኖር ሰው ይህ ምን እንደሚያስታውስ መናገር አያስፈልግም። ይህን ሥልጣን ያስቀረው ችሎት አልነበረም፤ የቶሮንቶ ፖሊስን ጨምሮ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች በዘፈቀደ አናስቆምም ሲሉ መንግሥት በማግስቱ ወደ ኋላ አለ።

ፍርድ ቤት በመብት ጉዳይ በመንግሥት ላይ በግልጽ የፈረደው በኤፕሪል 2025 ነው። የቀድሞው የምክር ቤት አባል ራንዲ ሂሊየር ባቀረቡት ክርክር፣ በ2021 ከቤት ውጭ የሚደረግ ሰላማዊ ሰልፍን ፈጽሞ መከልከል የካናዳን የመብት ቻርተር ይጥሳል ሲል ይግባኝ ሰሚው ወሰነ። ሌላ የደጅ እንቅስቃሴ ተፈቅዶ ሰልፍ ሙሉ በሙሉ የታገደበትን ምክንያት መንግሥት ማስረዳት አልቻለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚል ይኖራል። እኔ ግን ለሚቀጥለው ወረርሽኝ የተጻፈ ውሳኔ አድርጌ አየዋለሁ።

አገር ቤት ጉዳዩ በሌላ መንገድ ሄደ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 93 ወረርሽኝን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ምክንያት አድርጎ በስም ይጠቅሳል፤ በኤፕሪል 2020 የታወጀውም በዚሁ መሠረት ነው። የዚያ ዓመት አገራዊ ምርጫ መራዘም ሲያከራክር ጥያቄው የቀረበው ለመደበኛ ፍርድ ቤት ሳይሆን ለሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ ነበር። በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ሰብሳቢነት ባለሙያዎች በቴሌቪዥን ሲከራከሩ ሕዝቡ ተመለከተ፤ የመጨረሻውን ቃል የሰጠው ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የጉባኤው አባላት በይፋ ሲጠይቁና ሲያከራክሩ ማየት አንድ ነገር ነው፤ ውሳኔው በፖለቲካ ምክር ቤት እጅ መሆኑ ግን ሌላ። ቶሮንቶ ቢያንስ በዚህ ትሻላለች።

ይሁን እንጂ ቶሮንቶም በሯን ከፍታ አልተወችም። በኖቬምበር 2020 የኦንታሪዮ ምክር ቤት ያጸደቀው ቢል 218፣ ከማርች 17 ቀን 2020 ጀምሮ በቅን ልቦና ጥረት ያደረገ ድርጅት ሁሉ፣ የአረጋውያን መንከባከቢያዎችንም ጨምሮ፣ ከባድ ቸልተኝነት ካልተረጋገጠበት በኮቪድ እንዳይጠየቅ ከለላ ሰጥቷል። ነገሩ ካለፈ በኋላ ካሣ መጠየቅ በ2009 ከነበረው ይበልጥ ጠቧል ማለት ነው።

ስለዚህ በየመንከባከቢያውና በየመጠለያው የምትሠሩ፣ የእድርና የሰበካ ጉባኤ ኃላፊዎች፣ ወጣት ጠበቆቻችንም፦ ቀጣዩ ወረርሽኝ ሲመጣ የመጀመሪያው ወር እስኪያልፍ አትጠብቁ። ጭምብል የተከለከላችሁበትን ቀን፣ የአልጋውን ርቀት፣ «አይቻልም» ያለውን ደብዳቤ መዝግባችሁ ያዙ፤ በአቅራቢያችሁ ያለውን ነፃ የሕግ አገልግሎትም ከአሁኑ እወቁት።