«የባሪያዎች ኮረብታ» ላይ የተገኘው ሐምራዊ ጨርቅ

«በረሃ» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ባዶ መሬት ነው። በረሃ የወረደ ሰው ወይ ሸፍቷል፣ ወይ መንኗል፣ ወይ ተሰዷል። ባለሙያ ተከብሮ የሚኖርበት ቦታ ነው ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። ዛሬ የማወራችሁ ይህን ሐሳብ ስለሚያፈርስ አንድ ሸለቆ ነው። ልጆች ይዞ በግማሽ ቀን የሚታይ ቦታ ነው፤ ታሪኩ ግን መጨረሻው እኛው ቤት ድረስ ይመጣል።

ቦታው ቲምና ይባላል። በደቡብ እስራኤል፣ ከቀይ ባሕር ወደቧ ከኤይላት ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይገኛል። ቀይ ገደል፣ አሸዋ፣ እዚህም እዚያም ብቻውን የቆመ ግራር። ዛሬ መናፈሻ ነው። የሚመከረው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ በበጋው ሙቀት ልጅ ይዞ መሄድ ድፍረት ሳይሆን ስንፍና ነው። ውኃና ባርኔጣ ካለ፣ ወደ ገደሉ የሚያወጣው ደረጃ ለትንሽ ልጅም አይከብድም። ዕድል ከቀናም የዋልያችን ዘመድ የሆነው የበረሃ የዱር ፍየል ቋጥኝ ላይ ቆሞ ይታያል።

የመጀመሪያው ማረፊያ 50 ሜትር ያህል ከፍታ ያላቸው የቀይ ድንጋይ ዓምዶች ናቸው። ስማቸው «የሰሎሞን ዓምዶች» ነው። ክብረ ነገሥትን እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ስም ልብ ይነካል። መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊም ሰሎሞን በዚሁ በኤላት አካባቢ፣ በዔጽዮንጋብር መርከቦች እንዳሠራ ይነግረናል፤ ወዲያው በሚቀጥለው ምዕራፍ የሳባ ንግሥት ትመጣለች። እንግዲህ አባት ለልጁ «ይኸው፣ ሰሎሞን ያቆማቸው ዓምዶች» ቢለው ማን ይፈርድበታል?

ዓምዶቹን ግን ማንም አላቆማቸውም። ድንጋዩ በተሰነጠቀበት በኩል ውኃና ነፋስ ለብዙ ሺህ ዓመታት እየቦረቦሩ የቀረጿቸው ናቸው። የሰሎሞን ስም የገነነው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አሜሪካዊው ረቢና የአርኪዮሎጂ ሊቅ ኔልሰን ግሉክ እ.ኤ.አ. በ1934 አካባቢውን ሲያስስ የጥንት መዳብ ማቅለጫዎችን አየ፤ «የንጉሥ ሰሎሞን ማዕድን» ናቸው ብሎም ደመደመ። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ሰሎሞን የመዳብ ጉድጓድ ነበረው ብሎ የጻፈበት ቦታ የለም።

ደረጃውን ወጥታችሁ ቀና ስትሉ ገደሉ ላይ የተቀረጸ ምስል አለ። ሦስተኛው ራምሴስ፣ የግብፁ ፈርዖን፣ ሃቶር ለምትባለው አምላክ መባ ሲያቀርብ ያሳያል። ከገደሉ ሥር ደግሞ የዚህችው የሃቶር ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ አለ። ቤኖ ሮተንበርግ የተባለው ተመራማሪ ይህን ቤተ መቅደስ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲያገኘው የሰሎሞን ታሪክ ተናጋ። መዳቡን ያስቆፍሩ የነበሩት ከሰሎሞን ከ200 ዓመት በላይ የሚቀድሙት ግብፃውያን መሆናቸው ታወቀ። ግብፃውያን ከሄዱ በኋላ ምድያማውያን ናቸው የሚባሉ ሰዎች ቦታውን የድንኳን መቅደስ አደረጉት፤ ራሱ በወርቅ የተለበጠ ትንሽ የመዳብ እባብም በውስጡ ተገኘ። ኦሪት ዘኍልቁን ያነበበ ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በኤሬዝ ቤን ዮሴፍ የሚመራ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሸለቆውን እንደገና መቆፈር ጀመረ። ከማቅለጫዎቹ አጠገብ የተገኙ ነገሮች ዕድሜ በካርበን ሲለካ፣ ሥራው እጅግ ደርቶ የነበረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10ኛው ክፍለ ዘመን ሆኖ ተገኘ። ይህ የዳዊትና የሰሎሞን ዘመን ነው! ግሉክ በዘመኑ ልክ ነበር ማለት ነው። ባለቤቶቹ ግን፣ እንደ ቤን ዮሴፍ አስተያየት፣ በድንኳን የሚኖሩት ኤዶማውያን ናቸው። ሊቃውንቱ በዚህ ላይ ዛሬም ይከራከራሉ።

እኔን ያስገረመኝ ግን የዘመኑ ክርክር አይደለም። ሸለቆው ውስጥ ዙሪያውን የድንጋይ ግንብ ያለው አንድ ኮረብታ አለ። አናቱ ላይ መዳብ ይቀልጥ ነበር። ግሉክ ግንቡን አየና ሠራተኞቹ እንዳያመልጡ የታጠረ መሰለው። በዚህ ሐሩር፣ ውኃ በሌለበት፣ ከእሳት ጋር ወዶ የሚታገል ማን አለ ብሎ አሰበ። ስሙንም «የባሪያዎች ኮረብታ» አለው። ስሙ ጸና።

ቁፋሮው ሌላ ነገር አወጣ። ሠራተኞቹ ከበሉት የተረፈው አጥንት ሲመረመር፣ ለእሳቱ ሰዎች ይሰጥ የነበረው የበግና የፍየል ሥጋ ጥሩ ጥሩው ብልት ነው። በዚያ በረሃ መካከል ከሜዲትራኒያን ባሕር የመጣ ዓሣ ይበሉ ነበር። ደረቁ አየር ሳይበሰብስ ያቆየው ጨርቅም ተገኘ፤ ቀይና ሰማያዊ የተነከረ፣ በጥሩ እጅ የተሠራ። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነው ደግሞ 3,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ሐምራዊ የሱፍ ቁራጭ ነው። ቀለሙ የሚወጣው ከባሕር ቀንድ አውጣ ነው፤ በጥንቱ ዓለም ነገሥታትና ካህናት የሚለብሱት ሐምራዊ ይህ ነው።

ምክንያቱ ሥራውን ለሚያውቅ ግልጽ ነው። ድንጋይን መዳብ ለማድረግ እሳቱ ከ1,000 ዲግሪ በላይ መድረስ አለበት። የከሰሉን መጠን፣ የወናፉን ምት፣ የነበልባሉን ቀለም የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። አንዲት ስሕተት የቀኑን ድካም ሁሉ ዝቃጭ አድርጋ ታስቀራለች። እንዲህ ያለው ባለሙያ ይከበራል፣ ይቀለባል፣ ይጠበቃል። ግንቡም ሰው እንዳያመልጥ ሳይሆን ሀብትና ሙያ እንዳይዘረፍ የቆመ ይመስላል። ይህ የሚናገረው ስለ አቅላጮቹ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ የቆፈሩት ሁሉ እንዲህ ኖሩ ማለት አይደለም። ቢሆንም ከሩቅ ያየ ሰው ጥላሸት የለበሰውን ሁሉ «ባሪያ» ብሎ ሲሰይም፣ ስሙ 80 ዓመት ያህል ማስረጃ ሆኖ ኖረ።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። እኛስ ጥላሸት የለበሰውን ሰው ምን ስንለው ኖርን? ማረሻችንን የሠራልንን «ቀጥቃጭ» ብለን ናቅነው። ድስታችንን የሠራችልንን ሸክላ ሠሪ «ቡዳ» ብለን ልጆቻችንን ከዓይኗ ሸሸግን። በጎንደር አካባቢ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል መሬት ተነፍገው በብረትና በሸክላ ሥራ ሲኖሩ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብለው ተፈሩ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ከወጣ 100 ዓመት አልፏል፤ ስድቡ ግን ዛሬም በየሰፈሩ አለ።

የእነዚያ ቀጥቃጮች የልጅ ልጆች ዛሬ የሚኖሩት በእስራኤል ነው። ከመካከላቸው አንዱ አባት ልጁን ይዞ ቲምና ቢሄድ፣ «የባሪያዎች ኮረብታ» የሚለውን ስም ሲሰማ ምን ብሎ ያስረዳዋል?

እኔ ብሆን ሁለቱንም እነግረው ነበር። «ዓምዶቹ በሰሎሞን ስም ይጠራሉ፤ ተረቱ ያምራል፣ ድንጋዩን የጠረበው ግን ውኃ ነው። ኮረብታው በባሪያ ስም ይጠራል፤ የሠሩበት ግን ሐምራዊ ጨርቅ ደጃቸው ድረስ የሚመጣላቸው ባለሙያዎች ነበሩ። ቅድመ አያትህም ወናፍ ይነፋ ነበር።»

እኛ አገር ስለ ታሪክ ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምንጣላው በነገሥታቱ ስም ነው። ማን አቆመ፣ ማን አፈረሰ እንላለን። እስቲ አንድ ጊዜ እሳቱ አጠገብ ስለነበረው ሰው እንጠይቅ። የእናንተ ቤተሰብ ውስጥ በሙያው የተሰደበ፣ ታሪኩም ያልተነገረለት ሰው ይኖር ይሆን? ካለ፣ ልጆቻችሁ ሳይረሱት ዛሬ ማታ ንገሯቸው።