በኖራ ድንጋይ ጥላ ሥር የሚበቅለው ትንሹ ፈርን እንዴት ይለያል?

ውኃ በሚያንጠባጥብ የኖራ ድንጋይ ገደል፣ በዋሻ አፍና በምንጭ ዳር ጥቁር አንጸባራቂ አገዳ ያለው፣ ቅጠሉም ስስና ለስላሳ የሆነ ትንሽ ተክል ይታያል። ሳይንሳዊ ስሙ አዲያንተም ካፒለስ ቬነሪስ ነው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ መዝግቦታል። ተክሉ ኢትዮጵያን ጨምሮ በበርካታ ሞቃታማ አገሮች ይገኛል።

ፈርን መሆኑን ማረጋገጥ

ፈርን አያብብም፤ ዘርም የለውም። የሚራባው ስፖር በተባሉ እጅግ ጥቃቅን ብናኞች ነው። ለጋ ቅጠሉ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ተጠቅልሎ ይወጣና ቀስ በቀስ ይፈታል።

የሚታዩ መለያዎች

የዚህ ፈርን ቅጠል ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። አገዳው እንደ ሽቦ ቀጭን ሲሆን፣ ከእርሱ የሚወጡት ንዑሳን ቅጠሎች የተዘረጋ ማራገቢያ ይመስላሉ። አዲያንተም የሚለው ስም በግሪክኛ «የማይርስ» ማለት ነው፤ ውኃ ሲፈስበት ጠብታው ቅጠሉ ላይ ሳይቀር ይንከባለላል።

ከዘመዶቹ የሚለየው

ዋናው ምስክር ያለው በቅጠሉ ጀርባ ነው። የቅጠሉ ጠርዝ ወደ ኋላ ታጥፎ የስፖር ከረጢቶቹን ይሸፍናል። ለጌጥ በቤት የሚተከለው የደቡብ አሜሪካው አዲያንተም ራዲያነም ይህ እጥፋቱ ክብ ወይም የኩላሊት ቅርጽ አለው፤ የካፒለስ ቬነሪስ ግን ሞላላ ነው። ስፖር ያልያዘ ንዑስ ቅጠል በብርሃን ፊት ተይዞ በማጉያ መነጽር ሲታይም ልዩነቱ ይጎላል፦ የካፒለስ ቬነሪስ የቅጠል ጅማቶች በጠርዙ ጥርሶች ጫፍ ላይ ያበቃሉ፤ የራዲያነም ግን በጥርሶቹ መካከል ባለው ስርጉድ ውስጥ ያልቃሉ።

የበቀለበት ቦታ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ይህ ፈርን በኖራ በተለሰነ አሮጌ ግንብና በጉድጓድ ግድግዳ ላይም ይበቅላል።

መለየቱ ለምን ያስፈልጋል?

በተለያዩ አገሮች ተክሉ ለሳል ባህላዊ መድኃኒት ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል። «ፈርን ሁሉ አንድ ነው» ብሎ መልቀም ግን አደገኛ ነው። ብራከን የተባለው ትልቅና ጠንካራ ቅጠል ያለው ፈርን ከብቶችን ይመርዛል፤ ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገርም ይዟል። ስለዚህ ማንነቱ ያልተረጋገጠ ፈርን ለሰውም ለእንስሳም መሰጠት የለበትም።

ተክሉን ለመለየት መንቀል አያስፈልግም። ሥሩና አግድም የሚሳበው ግንዱ ከድንጋዩ ስንጥቅ ጋር የተያያዙ በመሆናቸው ሲነቀል በቀላሉ ይጎዳል። ቅጠሉን በቦታው ገልብጦ ማየትና ጀርባውን ፎቶ ማንሳት ይበቃል። ጥላ የሚሰጠው ዛፍ ሲቆረጥ ወይም ምንጩ ሲነጥፍ ይህ ፈርን ይጠወልጋል፤ ተክሉን መጠበቅ የሚጀምረውም ምንጩንና በዙሪያው ያሉትን ዛፎች ከመጠበቅ ነው።