የእሴተ ወርቅ ልጆች

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ በተለይ እናንተ የነገሌ፣ የያቤሎ፣ የሜጋና የሞያሌ ሰዎች። ዛሬ የማወጋችሁ ከጀርመን አገር መጥቶ እዚሁ ስለቀረ አንድ ሠዓሊና ከእርሱ ስለተገኘ ቤተሰብ ነው። ወሬው የሚነሣው ከእናንተ ርቆ፣ ከስሜንና ከጎንደር ነው። ቢሆንም የትውልድ ቆጠራን ነገር ቦረና ያደገ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋልና ለእናንተ ማውራት አይከብደኝም። ቦረና ዘመኑን በአባ ገዳ ይቆጥራል፤ አንዱ 8 ዓመት መርቶ ለተተኪው ያስረክባል። አዋቂ ሽማግሌ የአባ ገዳዎቹን ስም ወደ ኋላ እየጠራ፣ በማን ዘመን ከብት አለቀ፣ በማን ዘመን ጦርነት ሆነ እያለ መቶ ዓመታትን ይሻገራል። ወረቀት ሳይዝ!

የኔ ሰዎች ግን ወረቀት ነበራቸው። የሚሲዮን ደብዳቤ፣ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ፣ የእስረኞች ዝርዝር፣ የተጓዥ ማስታወሻ። ያም ሆኖ መሃሉ ላይ ክሩ ይበጠሳል። ለምን እንደሚበጠስ በኋላ ታዩታላችሁ።

ሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደር ይባላል። በ1813 (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ፤ የኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ) አንሃልት በምትባል ትንሽ የጀርመን ግዛት ተወለደ። ኢትዮጵያ የገባው በ1847 ነው። ከእርሱ 10 ዓመት ቀድሞ ቪልሄልም ሺምፐር የሚባል ሌላ ጀርመናዊ ትግራይ ገብቶ ዕፅዋት ይሰበስብ ነበር፤ ያ ሰው አገር ቤት ሳይመለስ በ1878 አድዋ ላይ ዐረፈ። ሰሳ የምንለውን ዛፍ የዓለም ሊቃውንት ዛሬም የሚጠሩት በሺምፐር ስም ነው። ሁለቱም ስሜንንና ትግራይን ይገዛ ለነበረው ለደጃዝማች ውቤ አደሩ። ውቤ ደረስጌ ላይ በካሳ ኃይሉ ተሸነፈ፤ ካሳም ውቤ ባሠራው በደረስጌ ማርያም፣ የካቲት 1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ዛንደርም ከዚያ በኋላ ለአዲሱ ንጉሥ አደረ።

ዛንደር ብቻውን አልኖረም። እሴተ ወርቅ ከምትባል ከጎንደር ቤተ መንግሥት ወገን ከሆነች እመቤት ጋር ኖሮ ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቱ ወለተ ኢየሱስ ተባለች። የጀርመን ወረቀት ግን ካታሪና ይላታል። በአንዱ ስም የፈለጋት ሰው በሌላው ስም ያለችውን ሳያውቅ ያልፋታል። ስለ ዛንደር የትውልድ ቦታውን፣ ሥራውን፣ የገባበትን ዓመት እናገኛለን። ስለ እሴተ ወርቅ ያለን ስሟ፣ አገሯና የቤተ መንግሥት ወገን መሆኗ ነው። ጎንደር ላይ አባቷን፣ እናቷን፣ ደብሯን የሚያውቅ ሞልቶ ነበር፤ ጠይቆ የጻፈ ግን አልነበረም። እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ወደ ጋፋት እንለፍ። ጋፋት ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለች ቦታ ናት። ባዝል አቅራቢያ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የወጡ የእጅ ሙያተኛ ሚሲዮናውያን፣ እነ ቴዎፍሎስ ቫልድማየርና እነ ዛልሙለር፣ እዚያ ሰፍረው ነበር። የመጡት ወንጌል ሊሰብኩ ነው። ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ አሉ። አናውቅም ቢሉ የሚሰማቸው አልነበረም፤ እየሞከሩ፣ እየከሸፈባቸው፣ እንደገና እየሞከሩ አቅልጠው ሠሩት። በዚህ ሥራ ዋና ከነበሩት አንዱ ሞሪትስ ሆል ነው፤ በ1838 ክራኮው የተወለደ፣ ወደ ክርስትና የገባ የፖላንድ ይሁዲ። ወለተ ኢየሱስን ያገባት እርሱ ነው።

ሴባስቶፖልን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ። በጥቅምት 1867 ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት 1868 መጨረሻ ነው። ስድስት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረው። ለሠረገላው መንገድ የሚሆን ዐለት እየተፈለጠ፣ ገደል እየተደለደለ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው ጠፍር ይዞ እየጎተተ፣ ቁልቁለት ሲሆን ያው ሕዝብ ከኋላ ወደራሱ እየሳበ፣ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ። ይህን ሁሉ ያነበባችሁት በወንዶቹ በኩል ነው። እስቲ በሌላ በኩል እዩት። ሠራተኞቹ ከነቤተሰባቸው ነበር የተጓዙት። ወለተ ኢየሱስም በዚያው ከእንግሊዝ ጋር በሆነው ጦርነት ሰሞን መቅደላ ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ወሩን ወደ ኋላ ቁጠሩት፤ ያን ዋድላንና በሺሎን የሚያህል አገር ያቋረጠችው ነፍሰ ጡር ሆና ነው። የመድፉን ክብደት የመዘገቡ ሰዎች ይህን አልመዘገቡትም።

ልጅቱ በተራራው ስም ማግዳሌና ተባለች። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሰዉ፤ አያት ዛንደርም በዚያው ዓመት ሞተ። የእንግሊዝ ጦር አውሮፓውያኑን ይዞ ወደ ባሕር ወረደ። የተለቀቁትን ሰዎች በሚቆጥሩ ዝርዝሮች ላይ ወንዱ በስሙ ይጻፍና ቀሪው ብዙውን ጊዜ «ሚስቱና ልጆቹ» ይባላል። ክሩ የሚበጠሰው እዚህ ላይ ነው።

ቫልድማየር ኢትዮጵያዊት እናት ያላትን ሚስቱን ይዞ ሊባኖስ ገባ፤ ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት፣ ኋላም አስፉሪዬ የተባለውን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። ሆልና ወለተ ኢየሱስ ያፋ ወረዱ፤ ጀርመኖች ሰፈር ቆርቁረው በነበሩበት ወደብ። ሆል በ1914 እዚያው ሞተ። ከልጆቹ ዳዊት ሆል ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ በቤተ መንግሥት አማካሪነት አገለገለ፤ ዘር ከልጓም ይስባል። የመቅደላዋ ማግዳሌና ደግሞ በ1889 ፕላቶን ፎን ኡስቲኖቭ የሚባል፣ የጀርመን ዜግነት የወሰደ ሩሲያዊ ባላባት አገባች። ያፋ ላይ ሆቴል ነበራቸው፤ በ1898 ቄሣር ዊልሄልም 2ኛ ኢየሩሳሌምን ሊጎበኝ ሲመጣ ያረፈው እነርሱ ቤት ነው።

አሁን ነገሩ የሚመርበት ደረስን። የማግዳሌና ልጅ ዮና ያፋ ተወለደ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን ተዋጋ፤ ከዚያ ለንደን በሚገኘው የጀርመን ኤምባሲ የፕሬስ ሠራተኛ ሆነ። ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ለመንግሥት የሚሠራ ሁሉ ከይሁዲ አለመወለዱን በአያቶቹ ወረቀት እንዲያረጋግጥ ታዘዘ። ጥምቀት የተመዘገበበት፣ ጋብቻ የተመዘገበበት መጽሐፍ ሁሉ ሰው መለያ ሆነ። ዮና የሞሪትስ ሆልና የወለተ ኢየሱስ የልጅ ልጅ ነው። በ1935 ማስረጃ አላቀርብም አለ፤ ሥራውንም ለቀቀ። እንግሊዛዊ ሆኖ ለብሪታኒያ የደኅንነት መሥሪያ ቤት በሂትለር ላይ ሠራ። ያ ዓመት ለእኛም የጣሊያን ወረራ ዓመት ነው። ጥር 1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት ገናሌ ዶሪያ ላይ ሰብሮ ነገሌ የገባው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ሮምና በርሊን ሰውን በደሙ የሚመዝን ሕግ ባወጡበት ዘመን፣ የእሴተ ወርቅ የልጅ ልጅ ልጅ እምቢ ማለቱን ስነግራችሁ ኩራት ይሰማኛል።

የዮና ልጅ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው፤ በ1921 ለንደን የተወለደው የፊልም ተዋናይ። «ስፓርታከስ» እና «ቶፕካፒ» በተባሉት ፊልሞች ሁለት ጊዜ ኦስካር ተሸልሟል፤ በ2004 እስኪሞት ለዩኒሴፍ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ነበር። ፊቱን ዓለም ያውቀዋል። ጎንደሬዋን የቅድመ አያቱን እናት የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እርሷን ለማግኘት ከተዋናዩ ወደ አባቱ፣ ከአባቱ በኋላ በእናት፣ በእናት፣ በእናት መውጣት ግድ ነው። ወለተ ኢየሱስንና እናቷን ዛሬ በስም የምንጠራቸው አጥኚዎች በዚያ መንገድ ስለሄዱ ነው፤ ሀምቡርግ ላይ ተዘጋጅቶ በ5 ቅጽ የታተመው «ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ»ም የዚያ ልፋት አንድ ፍሬ ነው።

የቆላ ሰዎች፣ ይህን ለእናንተ የተረክሁበትን ጉዳይ ልንገራችሁ። እናንተ ዘንድም ወረቀት አለ። የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ከ1940ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ሲያስተምርና ሲያክም ኖሯል፤ የጥምቀት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ሰርተፍኬት፣ የክሊኒክ ወረቀት በየቤቱ ሣጥን ውስጥ አለ። ከጣሊያን ዘመን የተረፈ፣ ከድንበር ንግድ የቀረም ይኖራል። አብዛኛው የአባትን ስም ይዟል፤ ሽማግሌውም ሲቆጥር በአባት ነው። እናንተ የእናቶችን ጨምሩበት። ሰነዱን ሳትነኩ በሌላ ወረቀት ላይ የእናትን፣ የእናትን እናት፣ ከነአባታቸው፣ ከነጎሣቸው፣ ከተወለዱበት ኤላ ወይም መንደር ጋር ጻፉና አብራችሁ አስቀምጡ። ክርስትና ወይም እስልምና ስትቀበል ስሟ የተለወጠ ካለች ሁለቱንም ስም ጻፉ። አያታችሁ በሕይወት ካለች ደግሞ ዛሬ ማታ ጠይቋት።