የመርፌና የሌዘር ጥምር ሕክምና

የመርፌና የሌዘር ጥምር ሕክምና የስኳር ሕመም በዓይን ሬቲና ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚሰጥ ነው። ዓይን ውስጥ የሚወጋው እንደ ቤቫሲዙማብ ያለ መድኃኒት አዲስ የደም ሥር የሚያበቅለውን ፕሮቲን ያግዳል፣ የማኩላን (የሬቲና ማዕከልን) እብጠትም ይቀንሳል፤ ኃይሉ ግን በሳምንታት ውስጥ ስለሚደክም መርፌው ይደጋገማል። ሌዘር ከማዕከሉ ውጭ ያለውን ሬቲና በመተኮስ የኦክስጅን ፍላጎቱን ያሳንሳል። ውጤቱ ዘላቂ ነው፤ የጎንና የምሽት እይታን ግን ሊቀንስ፣ የማኩላን እብጠትም ሊያባብስ ስለሚችል ብዙ ጊዜ መርፌው ይቀድማል። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት ለማኩላ እብጠት ተመሳሳዩ መድኃኒት ራኒቢዙማብ ማኩላው ላይ ከሚተኮስ ሌዘር ጋር ሲሰጥ ከዚሁ ሌዘር ብቻ እንደሚሻል አሳይቷል።

ከሲዳማ ክልል መዲና ከሐዋሳ ራቅ ብሎ ለሚኖርና በየወሩ መመላለስ ለሚቸግረው ታካሚ በመርፌ ብቻ መታመን አደገኛ ነው። ቀጠሮው ሲታለፍ የደም ሥሩ ዳግም ሊያድግ፣ ሊደማና ሬቲናን ሊገነጥል ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው ሌዘሩን ሳያዘገዩ ማጠናቀቅ ይመረጣል።