አቡሻክርና የቤይሩት መጻሕፍት

በባሕረ ሐሳብ ትምህርት አቡሻክር እየተባለ የሚጠቀሰው መጽሐፍ የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት፥ የበዓላትንና የአጽዋማትን አወጣጥ፥ የነገሥታትንና የሊቃነ ጳጳሳትንም ዘመን የያዘ መሆኑ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። የመጀመሪያው ቋንቋው ግን ዐረብኛ ነው። ደራሲው አቡ ሻክር ቡጥሮስ ኢብን አር ራሂብ፥ በብሉይ ካይሮ ሙዐለቃ በምትባለው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን የነበረ ግብጻዊ ሲሆን፥ መጽሐፉን የጻፈው በ1257 ዓመት ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚነሣው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው። ወደ ግእዝ የመለሱት በ16ኛው መቶ ዓመት የነበሩት፥ ከየመን መጥተው ክርስትናን የተቀበሉትና በደብረ ሊባኖስ ለዕጨጌነት የበቁት አባ ዕንባቆም እንደ ሆኑ ይነገራል።

ቁጥር በገልባጭ እጅ ቶሎ የሚበላሽ ነገር ነው። ፮ እና ፯ በደከመ ዓይን አንድ ይመስላሉ፤ በአበቅቴ ላይ አንዲት ቁጥር ከተሳተች ደግሞ የጾሙ መግቢያ ይዛባል። ስለዚህ የግእዙን ብራና የሚመረምር ሰው ወደ ዐረብኛው መመለስ ግድ ይሆንበታል።

ለዚህ ሥራ ከሚፈለጉት ስፍራዎች አንዱ በቤይሩት የቅዱስ ዮሴፍ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የምሥራቅ ቤተ መጻሕፍት ነው። ዩኒቨርሲቲውን በ1875 የመሠረቱት ኢየሱሳውያን ናቸው። የማኅበራቸው ስም ከአፄ ሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ በሀገራችን በመልካም አይነሣም፤ ይሁን እንጂ ለምሥራቅ ክርስቲያኖች መጻሕፍት የደከሙትን ድካም መካድ ፍርድ ማጉደል ነው። በማርዲን በ1859 የተወለደው ሉዊስ ሼኾ ቤተ መጻሕፍቱን በ1894 አቋቋመ፤ የእጅ ጽሑፎቹንም ዝርዝር ከ1913 ጀምሮ እየከፋፈለ አሳተመ፤ በ1924 ደግሞ በዐረብኛ የጻፉትን ክርስቲያን ደራስያን በአንድ መዝገብ ሰበሰበ። ወደዚያ የሚሄድ መርማሪ አስቀድሞ እነዚህን ማንበብ ይገባዋል፤ የሚፈልገውን ሳያውቅ ብራና ለሚጠይቅ ሰው ዘመኑ በከንቱ ያልፍበታል። የግእዝ ፊደልም በዚያች ከተማ ማተሚያ ቤት እንግዳ አልነበረም፤ በ1907 ማርዩስ ሼን በፈረንሳይኛ የጻፈው የግእዝ ሰዋስው የታተመው በቤይሩት ነው። ይኸው ሰው በ1925 የግብጽንና የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር የሚናገር መጽሐፍ አወጣ።

ነገር ግን የታተመ ሁሉ የተረጋገጠ አይደለም። በ1651 ሊባኖሳዊው አብርሃም አል ሐቂላኒ፥ የምሥራቅ ዜና መዋዕል የተባለውን ዐረብኛ ታሪክ ወደ ላቲን መልሶ በፓሪስ አሳተመ። ሼኾም ዐረብኛውን በ1903 በኢብን አር ራሂብ ስም አወጣው። ከዚያ ወዲያ ብዙዎች ይህን አጭር ታሪክ የአቡሻክር ደራሲ ሥራ ነው እያሉ ጠቀሱት። ዓዴል ሲዳሩስ የእጅ ጽሑፎቹን መርምሮ በ1975 ባሳተመው ጥናት ግን ይህ እንዳልሆነ ገለጠ፤ ስሙ ያልታወቀ ሌላ ሰው ከትልቁ መጽሐፍ የታሪክ ምዕራፎች ያሳጠረው ነው። እንግዲህ የግእዙን አቡሻክር ከ1903ቱ እትም ጋር ብቻ የሚያስተያይ ሰው፥ በግእዙ ተርፎ በዐረብኛው ያጣውን ሁሉ ተርጓሚው ከራሱ ጨመረው ብሎ በአባ ዕንባቆም ላይ ሊፈርድ ይችላል። በደል የሌለበት ተርጓሚ በአንድ የሽፋን ስሕተት ይወቀሳል ማለት ነው።

ብራናዎቹም ያለ መከራ አልቆዩም። በ1914 ጦርነት በተነሣ ጊዜ ኦቶማኖች ፈረንሳውያኑን ኢየሱሳውያን ከሀገሩ አስወጡ፤ ከ1975 እስከ 1990 የርስ በርስ ጦርነቱ ከተማይቱን ከሁለት ከፈላት፤ በነሐሴ 2020 በወደቡ የደረሰው ፍንዳታም የቤተ መጻሕፍቱን ሕንጻ ጎዳ።

ዛሬ በቤይሩትና ዳሒዬ በሚባለው ደቡባዊ ዳርቻዋ የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን አብዛኞቹ በሰው ቤት የሚያገለግሉ ሴቶች ናቸው። አባ ዕንባቆም አቡሻክርን የመለሱበትን ቋንቋ እነርሱ በማድ ቤትና በገበያ ተምረውታል።